የጥሩዓለም ስንቅ፦ ከድሬዳዋ ቡሬ ደርሶ መልስ

ከቡሬ ከተመለስኩ ወዲህ ልብስ ለማሰፋት የሚመጣ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል፤ ቡሬ የት ነው? እዚያስ ምን ጣለሽ? ለመጀመሪያው፣ ዓባይን ተሻግረሽ ገና ብዙ ትሄጃለሽ እላለሁ። የሁለተኛው መልስ ግን ይረዝማል። እሱን ሳወራ የሰው ሱሪ ሳይሰፋ እየዋለ ስለተቸገርኩ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

አዜብ እባላለሁ፤ ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሥራ መልስ የሰፈራችን ወጣቶች ባቋቋሙት የቲያትር ክበብ ውስጥ አልባሳት አዘጋጃለሁ፤ የእናት ሚና የሚጫወት ሲጠፋም እኔው እገባለሁ። አዲስ አበባ በተደረገ የክበቦች ሥልጠና ላይ አንሙት ከሚባል የቡሬ መምህር ጋር ተዋወቅን። እሱ ከተማሪዎቹ ጋር የሚሠራው ቲያትር መሐል ላይ ይቆምና ተመልካቹ "እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?" ተብሎ ይጠየቃል። ዘንድሮ የሚሠሩት በእጅ ሙያቸው ስለሚናቁ ሰዎች፣ በተለይ ስለ ሸክላ ሠሪዎች ነበር። የአገሩ ሰው ለአገሩ ሰው ሲናገር ነገሩ ይለመዳል፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳ "ለምን?" ብሎ ቢጠይቅ ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል አለና ጠራን። ሁሉ ነገር አንድ ለአምስት በሚደራጅበት በዚህ ዘመን ለመሄድ የተገኘነው እኔና ሙና ብቻ ነበርን። ሙና የክበባችን ዘፋኝ ናት፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ ታውቃለች፤ ብርድ የሚባል ነገር ግን አታውቅም። ሦስተኛው መንገደኛ የክበቡ ትልቁ ከበሮ ነበር።

ማክሰኞ ከድሬዳዋ ተነሥተን አዲስ አበባ አደርን። ስለ አዲስ አበባ የምለው የለኝም፤ አውቶቡስ ተራ አጠገብ የያዝነው አልጋ ቁንጫ ነበረው፤ ይኸው ነው።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ የጎጃሙን አውቶቡስ ያዝን። ከበሮው ጣሪያ ላይ ተጫነ። አስተሳሰሩ ላልቶ ኖሮ መኪናው በዘለለ ቁጥር ዱም ይላል። ከፊቴ የተቀመጡ ቄስ ዱም ሲል ወደ ጣሪያው ቀና ይላሉ፣ ከዚያ ዞር ብለው እኛን ያያሉ። እኔ ድምፁ አስደንግጧቸው መስሎኝ "አይዞዎት አባ፣ የኛ ከበሮ ነው" አልኳቸው። "እሱማ ሰማሁ ልጄ" አሉና ዝም አሉ።

ዓባይ በረሃ ስንወርድ መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። ሰው በሙቀቱ ሲያማርር እኔና ሙና ብቻ ሹራባችንን አውልቀን ተደላድለን ተቀመጥን፤ አገራችን የገባን ነው የመሰለን። ደስታችን ግን እስከ ደጀን ነበር፤ ዳገቱን ስንጨርስ ሹራቡ ተመልሶ ተለበሰ። ደብረ ማርቆስ ለምሳ ስንወርድ፣ ጊዜው ሁዳዴ ስለሆነ ምግብ ቤቱ ያለው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ብቻ ነው። እኔ መንገደኛ ነኝ ብዬ ሰዓቱ ሳይደርስ በላሁ። ሙና፣ ሙስሊም ሆና ከቤት ከወጣን ጀምሮ ሥጋ ያላየችው ልጅ፣ "አቦ፣ ሁዳዴን የምትጾሚው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?" አለችኝ።

ፍኖተ ሰላም የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጆች ሲተራመሱ ሳይ ደስ አለኝ፤ ባጃጅ የድሬዳዋ ብቻ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ። ልዩነቱ እዚህ ባጃጁ ከፈረስ ጋሪ ጋር እየተጋፋ ነው የሚሄደው፤ ፈረሱም ቅድሚያ አይሰጥም። መምህር አንሙት ከቡሬ ድረስ ሊቀበለን መጥቶ ከቀትር ጀምሮ መናኸሪያ ቆሞ ውሏል። ከቤቱ ሁለት ጋቢ ይዞ መጥቶ ገና ሰላም ሳይለን አለበሰን። ከበሮው ከጣሪያው ሲወርድ ግን አየውና "ከበሮውም አብሮ መጣ?" አለ። አዎ አልኩ፣ እንዲያውም መንገዱን ሁሉ ሲመታ ነው የመጣው። "እንግዲያስ ደክሞታል፤ ይረፍ" አለ።

ቀልዱ ነው ብዬ ሳቅሁ። ማታ አልጋ የተከራየንባቸው ሴት እግራችሁን ካላጠብኩ ብለው ሲለምኑን እንኳ ነገሩ ገና አልገባኝም ነበር። በዚያ ቀን የቧንቧ ውኃ ጠፍቶ፣ ከጎረቤት ቀድተው አሙቀው፣ ሳፋ ይዘው ፊታችን ተንበረከኩ። ሙና እንደ እናቷ የሆኑ ሴት እግሯን ሲይዙባት አፍራ ልትሸሽ ነበር። ሴትዮዋ ግን እግሯ ላይ ያለውን ሒና አይተው፣ ይህስ የኛው እንሶስላ አይደለም ወይ፣ እኛም እንቀባዋለን ብለው ጨዋታ ያዙ። የኛ አገር አከራይ ቢሆን ውኃ ጠፍቷል ብሎ በሩን ይዘጋ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አንሙት ከበሮውን ለሴትዮዋ አደራ ሲሰጥ ሳይ ነው የገባኝ። በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከበሮ አይመታም። እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ ይህን አውቃለሁ፤ ግን በኛ ከተማ የክበብ ከበሮ ሌላ፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሌላ ነው። እዚህ አገር ገበያ መሐል በሁዳዴ ከበሮ ብንመታ ተመልካቹ እኛኑ ይመታን ነበር። አንሙት ይህን ሁሉ እያወቀ "አይሆንም" የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። የቄሱ ዝምታም ያኔ ነው የተገለጠልኝ።

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። ያረፍነው ወይዘሮ ዘይነባ ከሚባሉ ነጋዴ ቤት ነው። ገበያው ዳር ሳሙና፣ ጨውና ጨርቅ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው፤ ከጀርባው መኖሪያቸው ነው። እኚህ ሙስሊም እናት ቅቤ ነክቶት የማያውቅ አንድ ድስት ለብቻው አላቸው፤ ለጾመኛ እንግዳ የሚሠሩበት ነው። አንሙትን፣ እኔን፣ ሙናንና አንዲት ተማሪ በአንድ ትሪ ዙሪያ አስቀምጠው እሳቸውም አብረውን ተቀመጡ። በፍስክ ቢሆን፣ አሉን፣ የእኔ ሥጋና የእናንተ ሥጋ ስለሚለይ ሁለት ትሪ ይቀርብ ነበር፤ እኔ ሁዳዴን የምወደው ለዚህ ነው፣ ከጎረቤቶቼ ጋር የሚያስበላኝ እሱ ነው። እኛም ዘንድ ሠርግ ላይ ሁለት ትሪ ነው። ግን ሁዳዴን እንደዚህ አስቤው አላውቅም።

ተማሪዋ ጥሩዓለም ትባላለች። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በቲያትሩ ውስጥ የሸክላ ሠሪዋን ሚና የምትጫወተው እሷ ናት። ቀሚሷን ለማስተካከል ልኬት ስወስድ ምነው እንዲህ ከሳሽ አልኳት፣ እንደ ልማዴ ሳላስብ። እሷም ቀስ ብላ ሁሉን ነገረችኝ። ሸክላ ሠሪነቱ ሚናዋ ብቻ አይደለም፤ እናቷ ወይዘሮ እናኑ ከቡሬ ወጣ ባለች መንደር እንስራና ድስት ሠርተው የሚሸጡ ናቸው። በአገሩ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ይባላል፤ ዓይኑ ይፈራል፣ ከእጁ አይበላም። ጥሩዓለም ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ከእማዋይና ከሰብለ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ እነሱ የገበሬ ልጅ ናት ብለው ያምናሉ። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ የሳምንቱን ስንቅ ዘይነባ ሱቅ ያስቀምጡላትና ሳይገናኙ ይሄዳሉ። በመንገድ ላይ ቢተያዩ እንኳ ሁለቱም አይቆሙም።

"ስንቁን የምትበይው ብቻሽን ነው?" አልኳት።

"በአንድ ላይ ነው የምንበላው፣ እትየ። ሁለት ዓመታችን።"

ስለዚህ ቢታወቅ ምን እንደሚሆን አልጠየቅኋትም። ጓደኞቿ ጥለዋት ይወጣሉ፤ ኪራዩን ብቻዋን አትችለውም፤ ፈተናው ሳይደርስ ወደ መንደሯ ትመለሳለች። ይህን እያወቀች ሚናውን ለምን እንደወሰደች ስጠይቃት፣ ሌላ ሰው ቢጫወተው ውሸት እንዳይሆን ብዬ ነው አለችኝ።

ዓርብ ዕለት፣ ምስጢሩን አስቀድሞ የሚያውቀው አንሙት እኔንና ሙናን ወደ ወይዘሮ እናኑ መንደር ወሰደን፤ ሳያስፈቅዳቸው ቲያትሩን ገበያ ላይ ማሳየት አልፈለገም። መንገዱ የጤፍ ገለባ በተከመረበትና ባሕር ዛፍ በተሰለፈበት ማሳ መሐል ነው። እኔ አሸዋ ላይ ያደግሁ ሰው ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። አንድ የማናውቀው ገበሬ ከበቅሎው ወርዶ እኔን ጫነኝ፤ እሱ በእግሩ እየሄደ ስለ ድሬዳዋ ግመል ሲጠይቀኝ ደረስን። ወይዘሮ እናኑ ጋ እንደምንሄድ ስነግረው ግን ልጓሙን ለአንሙት ሰጥቶ ከደጁ ራቅ ብሎ ቆመ። ደግነቱም ድንበር ነበረው።

ወይዘሮ እናኑ ቀጭን ሴት ናቸው፤ እጃቸው ላይ ያልታጠበ ጭቃ ነበር። ደጃቸው ላይ እንስራ፣ ጀበናና ወጭት ተደርድሯል። አስቀመጡንና ቆመው ቀሩ። የሚያቀርቡት ጠፍቶ አይደለም፤ እንበላላቸው እንደሆነ አላወቁም። በመጨረሻ ቆሎ አመጡ፤ ቆሎ እንኳ እምቢ ቢባል ብዙ አያሳፍርም። ሙና አንድ እፍኝ ዘግና፣ እትዬ ይህማ ጥርስ ማሳከኪያ ነው፣ እኔ ርቦኛል፣ ምሳ የለም ወይ አለች። አንሙት አቀረቀረ። ሴትዮዋ ወደ ጓዳ ሲገቡ ነጠላቸው ዓይናቸው ላይ ነበር። የመጣው ሽሮ ነው፤ እውነቱን ልናገር፣ ጨው በዝቶበታል። ጥርግ አድርገን በላነው።

አንሙት በአክብሮት ነገሩን አስረዳቸው። ልጅዎ ማንነቷን አትናገርም፣ ሚናዋን ብቻ ነው የምትጫወተው፤ በቲያትሩ ድግስ ላይ ለብቻዋ በቅጠል ሲሰጣት ቢያዩ ግን እንዳይከፉ አላቸው። ወይዘሮ እናኑ አሰቡና፣ "ተእንስራየ አጠገብ ቁሜ አያለሁ፤ አልጠራትም። እሷ ትማርልኝ እንጂ እኔ ባልጠራትም እናቷ ነኝ" አሉ።

ቅዳሜ ገበያው ሞላ። የአካባቢው ሹም ስለ ልማት ያደረጉት ንግግር ከመርዘሙ የተነሣ አህያ እንኳ ማናፋት ጀመረች። ያለ ከበሮ ስለነበርን አንሙት በባዶ እጁ አጨብጭቦ ሰው ሰበሰበ፤ ቲያትሩ ተጀመረ። ድግስ ነው። የድግሱ ባለቤት እማዋይ ናት፣ ያችው የጥሩዓለም አብሮ አዳሪ። እንግዳውን ሁሉ በሰፊ ትሪ ታስተናግዳለች። ሸክላ ሠሪዋን ግን ከዳሱ ውጭ አስቀምጣ ቁራሽ እንጀራ በኮባ ቅጠል ታቀብላታለች። ከሩቅ አገር የመጣች እንግዳ የሆነችው ሙና ተነሥታ፣ ይህች ሴት ለምን ብቻዋን ትበላለች ስትል ቲያትሩ ቆመና ጥያቄው ወደ ሕዝቡ ዞረ።

ሕዝቡ መጀመሪያ አፈረ፣ ቆይቶ አፉን ፈታ። ጸሎት ላይ አብረን ቆመን ድግስ ላይ መለየታችን ልክ አይደለም ያለች ወጣት ነበረች፤ የበላሁበት ወጭት የእሷ ሥራ ነው ያለም ነበር። ከዚያ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ በትሕትና ፈቃድ ጠየቁና ተናገሩ። "ይኸ ተጥንት የነበረ ነው። ሸክላ ሠሪዋም ለምዳዋለች፤ አትቀየምም።"

ጥሩዓለም ከተቀመጠችበት ተነሣች። ቅጠሉ እጇ ላይ ነበር።

"አባቴ፣ ሸክላ ሠሪዋ እናቴ ናት። እዚያ እንስራዋ አጠገብ ቁማለች። ትቀየማለች።"

ሰው ሁሉ ወደ እንስራው ዞረ። ወይዘሮ እናኑ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ቆመዋል። ከበሮ ቢኖረን ኖሮ ያን ዝምታ የምንሸፍንበት ነገር ይኖረን ነበር፤ ስላልነበረን ሁሉም ሰማው። ሽማግሌው "እኔ ጠይቄያት አላውቅም" አሉ፤ ድምፃቸው ቀንሶ ነበር። እማዋይ ግን ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ሕዝቡን ሰንጥቃ ወጣች። ሰብለም ተከተለቻት። አንሙት ተመልካቹን አመስግኖ በተነ።

ዘይነባ ሱቅ ተሰበሰብን። ጥሩዓለም አንገቷን ደፍታ ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ እንደ ወትሮው ስንቁን አላስቀመጡም፤ ይልቁንም ወደ መንደራቸው ሊመልሱት ከረጢቱን አጥብቀው ያስራሉ። እንግዲህ ማን ይበላዋል ይላሉ፣ ለራሳቸው። አንዲት ገበያተኛ ገብታ፣ ሰብለ ፍራሿን አሸክማ ከቤቱ ስትወጣ አየኋት ብላ ነገረችን። ከድሬዳዋ ድረስ መጥተን የልጅቷን ቤት አፍርሰን ልንመለስ ነው አልኩ በልቤ።

እማዋይ እያለከለከች የገባችው ያኔ ነው። ጥሩዓለምን "ሰብለን ለምኛት ነበር፣ እምቢ አለች፤ ትሂድ" አለቻት። ከዚያ ለወይዘሮ እናኑ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችና "እትየ፣ ስንቁስ?" አለች።

"ልመልሰው ነው ልጄ።"

"ምን ልንበላ ነው ታዲያ?" አለችና ከረጢቱን ከእጃቸው ወስዳ ጀርባዋ ላይ አደረገች። ቤታችንን ላሳይዎት፣ ይህን ያህል ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አልመጡም ብላ ከፊት ቀደመች። ወይዘሮ ዘይነባ ሱቃቸውን ዘግተው ተከተሉ፤ እኛም ተከተልን። ወይዘሮ እናኑ ገበያውን አቋርጠው ከልጃቸው ጋር ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ እንስራ ያልተሸከመ ጀርባቸው ምን እንደሚያደርግ የጠፋው ይመስል ነበር።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ የሰብለ ፍራሽ የነበረበት ባዶ ነው። እማዋይ ያንኑ ከነጨው የተፈጨ የስንቁን ሽሮ በላምባ ምድጃ ሠርታ በአንድ ትሪ አቀረበችው። ወይዘሮ እናኑ እጃቸውን ሰብስበው ከዳር ተቀመጡ። ማንም አላግደረደራቸውም፤ እማዋይ አንድ ጊዜ ጎርሳ ፊቷን አጨፈገገች።

"እትየ እናኑ፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ ሽሮዎ ጨው ይበዛበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ የምነግረው ሰው አጥቼ ነው።"

ጥሩዓለም ቀና አለች። እናቷ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ቶሎ አልቆመም፣ እንባም ነበረበት። "ሳምንት እቀንሳለሁ" አሉና እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደዱ። እኔም አለቀስኩ፤ ሙና በላምባው ጭስ አሳበበች።

እሑድ ተሳፈርን። ከበሮው እስከ ፋሲካ እንዲያርፍ እዚያው ፍኖተ ሰላም ቀረ፤ ኋላ አንሙት ይወስደዋል። በምትኩ ወይዘሮ እናኑ የሰጡኝን ወጭት በጋቢ ጠቅልዬ፣ በዓባይ በረሃም በአዋሽም ጭኔ ላይ አድርጌ ድሬዳዋ ገባሁ። አልተሰነጠቀም። አሁን ሽሮ የምበላው በእሱ ነው፤ ሰው ሁሉ ስለ ቡሬ የሚጠይቀኝም እሱን እያየ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አንሙት ስልክ ደወለ። መስመሩ እየተቆራረጠ ከበሮው መመታቱን ነገረኝ። ሰብለ ወደ ክፍሉ አልተመለሰችም፤ በመንገድ ላይ ግን ሰላም ትላለች። ልጆቹ ለፈተናው እየተዘጋጁ ነው፤ ወይዘሮ እናኑም ቅዳሜ ቅዳሜ መጀመሪያ እነሱ ዘንድ ገብተው ነው ገበያ የሚወጡት። እኔ መስመሩ ከመጥፋቱ በፊት ማወቅ የፈለግሁት ሌላ ነበር፤ ጨውስ አልኩት።

"ቀንሷል" አለ። "አሁን ደግሞ እማዋይ በርበሬው በዛ ትላለች።"